አሥራ አንድ ቀይ ድንጋዮች በቁልቋል አፋፍ

ይድረስ ለክቡር አቶ ደሳለኝ
የኮረብታ ብስክሌት መንገድ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
መርሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በጥልቅ ኀዘን የማረዳዎ መርዶ ስላለኝ እባክዎ ቆመው ከሆነ ይቀመጡ፤ ተቀምጠው ከሆነም፣ እንደማውቅዎ ተቀምጠዋል፣ ወንበሩን ያዝ ያድርጉት። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ሁለት የፊት ጥርሶችና የአንድ ቻይና ሠራሽ ብስክሌት የፊት ጎማ ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በቁልቋል አፋፍ ቁልቁለት በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ሟቾቹ ለክቡርነትዎ እንግዳ አይደሉም። ጎማው በምረቃው ቀን እርስዎን ተሸክሞ ፎቶ ተነሥቷል፤ ጥርሶቹም በዚያው ቀን ከልባቸው ስቀውብዎታል።

መርዶውን ካደረስኩ ዘንዳ እንደ ወጉ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመዋል? ማኅተምዎ ደህና ነው? ስብሰባዎ በረታ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ካለፈው ዓመት ጦርነት የተረፍነው ሰዎች ዘንድሮ ደግሞ ከኮሚቴዎ ቀለም ለመትረፍ የአቅማችንን እየሞከርን ነው።

እኔ ኡበይደላ እባላለሁ። ከመርሳ በላይ ባለችው ጎጣችን የምኖር፣ በብስክሌት ማንጎ ወደ ገበያ የማመላልስ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ሳለሁ ትምህርት ቤቱ የወታደር ማደሪያ ስለሆነ ትምህርቱ ጥሎኝ የሄደ ሰው ነኝ፤ እኔ እንዳልጣልኩት በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ስለዚህ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ ብዬ ነበር፣ ግን ይቅር፤ ቀይ ነገር ከእጅዎ ባይወጣ ይሻለናል።

አቤቱታዬን በትሕትና እንደሚከተለው እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፣ ከወልድያ እስከ መርሳ ያለው ሕዝብ ዱቄት ጎደለኝ፣ መድኃኒት ጎደለኝ፣ የተቃጠለው ወፍጮ ይጠገንልኝ እያለ እንደ ሕፃን ሲነጫነጭ፣ ኮሚቴዎ ግን አሻግሮ በማየት የጎደለን ነገር ቱሪስት በተራራ ብስክሌት የሚንሸራተትበት ቁልቁለት መሆኑን ስለደረሰበት ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ግንባሩ ከቆቦ ወዲያ ተጋድሞ፣ በአስፋልቱ የሚያልፈው የውጭ አገር ሰው ሁሉ የእርዳታ መኪና ውስጥ ሆኖ መስኮት ዘግቶ በሚያልፍበት ክረምት፣ ከሲሪንቃ በላይ ተነሥተው በእኛ ጎጥ በኩል መርሳ የሚወርዱ ሦስት የብስክሌት መስመሮች ተመረጡልን። በምረቃው ቀን ግን ኮሚቴው ውስጥ አንድም ብስክሌት ያለው ሰው ስላልነበረ የእኔን ተዋሳችሁ። ክቡርነትዎ አስፋልቱ ዳር፣ ግራና ቀኝ በሁለት ባለሙያዎች ተደግፈው፣ ሄልሜቱን የኋላውን ወደ ፊት አጥልቀው ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያም ሁላችሁም ለታረደው በግ ገባችሁ። ብስክሌቴ የተመለሰችልኝ መሪዋ በሥጋ እጅ ተጨብጦ በስብ ተለውሶ ነው። በአመድ ሳሽ ዋልኩ። በጎጣችን ሥጋ ከሸተተን ስምንት ወር ስለሆነ ጠረኑን እንኳ ስላካፈላችሁን ሳላመሰግን አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰሌዳው። ቀለም ቀቢዎችዎ ወደ ጎጣችን የመጡት የገበያ ዕለት፣ ሰው ሁሉ መርሳ በወረደበት ሰዓት ነው። ስንመለስ ድንጋዩ ሁሉ ተኳኩሎ፣ አንድ ሰሌዳም አፋፉ ላይ ተተክሎ ቆየን። ሰሌዳው ላይ የሰባቱ የኮሚቴ አባላት ስም ከነኃላፊነታቸው በትልልቁ ስለሰፈረ «ብስክሌት» ለምትባለው ቃል ቦታ አልተረፈም። ከስሞቹ ሥር የተጻፈው «አረንጓዴ ቀላል፤ ቢጫ መካከለኛ፤ ቀይ ከባድ» የሚል ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ አምና ጦርነቱ በእኛ ላይ ሲያልፍ ሌላ ቦታ በሥራ ተጠምደው እንደነበር ስለምረዳ ላስረዳዎ። እኛ አገር «ከባድ» ማለት የመንገድ ጠባይ አይደለም። «ሌሊቱን ከባድ ሲጮህ አደረ» የሚል ሰው ስለ መድፍ ነው የሚያወራው። ቀላል መሣሪያ፣ መካከለኛ መሣሪያ፣ ከባድ መሣሪያ እያልን፣ ገና አፋቸውን ያልፈቱት ልጆች ሳይቀሩ በድምፁ ለይተን እናውቃለን። ጦሩ ሲሄድ ሳይፈነዳ የቀረውን ደግሞ ሚሊሻዎች ዙሪያውን ድንጋይ ቀይ ቀብተው ከለሉት፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ኤደንም ቤት ለቤት ዞራ ቀይ ድንጋይ ካያችሁ እግራችሁን መልሱ ብላ አስተማረችን። እኛ ብዙ ነገር ተምረን የማናውቅ ሰዎች ይህችን ግን ሁላችንም በአንድ ድምፅ አለፍናት።

እንግዲህ እርስዎ ይፍረዱ። በሰባት ባለሥልጣን ስም የወጣ ሰሌዳ ቀላሉ እዚህ፣ መካከለኛው እዚያ፣ ከባዱ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ አሥራ አንድ ቦታ ተቀብሯል ብሎ ሲነግረን ምን ማድረግ ነበረብን? ሽማግሌዎቻችን እንዲያውም አመሰገኗችሁ። መንግሥት እንዲህ ዓይነት ጥይቱን በመጠን በመጠኑ ለይቶ የሚያሳይ ጥንቁቅ ሥራ ሲሠራ አይተው አያውቁም።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ባልከፋ፣ አሥራ አንዱ ቀያዮች ያረፉት ወደ አክስቴ ረሂማ ማሳ በሚያስወርደው ብቸኛ መንገድ ላይ ነው። ግራውም ገደል፣ ቀኙም ገደል ነው፤ ማሳዋ ታች ወንዙ ዳር ናት። አክስቴ ባሏ የሞተባት ሴት ነች። አምና የደረሰ ሰብሏን በቁሙ ጥላ ተሰደደች፤ ስትመለስ ሰብሉም የለም፣ ከሁለቱ በሬዎቿም አንዱ ተበልቷል። አፋፉ ላይ ያለው ጎረቤታችን ደምሴም እንደሷው አንድ በሬ ነው የተረፈው። ስለዚህ መቀናጆ ገቡ፤ የሷን በሬና የሱን በሬ በአንድ ቀንበር ጠምደው አንድ ቀን ለሷ፣ አንድ ቀን ለሱ ያርሳሉ። ጤፍ በሐምሌ አፈር ካልገባ ዓመቱ እንዳለፈ፣ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያለፈባት ሴት ደግሞ ምን እንደምትሆን፣ ለክቡርነትዎ በቃለ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።

ደምሴ በሷ ተራ በሬውን እየነዳ መጣ፤ ቀዩን አየ፤ ቆመ። «ረሂማ፣ ለራሴ ቢሆን እወርድልሽ ነበር፤ በሬው ግን የልጆቼ ነው» አላትና አዙሮት ተመለሰ። አልተቀየመችውም። በሷ ቦታ ሆኖ የሚቀየም ሰው እኔ ነኝ፣ የምቀየመውም በሬውን አይደለም።

የብስክሌት ምልክት ነው ብዬ ምዬ ተገዝቼ ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ። እዚህ ላይ ከጥፋቱ ጥቂቱ የራሴ መሆኑን እሸሽግ ዘንድ አልፈልግም። አምና ስልክ ተቋርጦ በከረመበት ወራት «አፋፉ ላይ ኔትወርክ መጣ» ብዬ አውርቼ የጎጡን ሽማግሌ በሙሉ ስልኩን ወደ ሰማይ አስዘርግቼ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አውያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ነግቷል ብል ሰው ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ስለሆነም ያስፈለገችኝ ነገር «ቀዩ የብስክሌት ነው» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት አንዲት መስመር ወረቀት ብቻ ነበረች።

አራተኛ፣ ስለ ወረቀቷ። መጀመሪያ ስመጣ ወልድያ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሁለተኛው የወልድያውን ስብሰባ ሪፖርት እየሰሙ ነው ተባልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ እድል ቀናኝና አገኘሁዎ፤ አክስቴን፣ በሬውን፣ ሐምሌን፣ ሁሉንም ነገርኩዎ። እርስዎም ሻይዎን እያማሰሉ በአባትነት መንፈስ «ልጄ፣ ቀይ ዓለም አቀፍ ነው። ጎጣችሁ ዓለምን ይልመድ እንጂ ዓለም ለጎጣችሁ ቀለም አይቀይርም» አሉኝ። ወረቀቷም ኮሚቴው በሙሉ አባላት ሲሰበሰብ ነሐሴ ውስጥ እንደምትታይ ቃል ገቡልኝ። ክቡር ሆይ፣ ጤፍ ነሐሴን አይጠብቅም። ከቢሮዎ ስወጣ ምራቄን ዋጥኩ፤ የት እንደምተፋው አጥቼ ሳይሆን ምንጣፉ አዲስ ስለነበረ ነው።

አምስተኛ፣ እንግዲህ ማክሰኞ ሆነ። ሰው ቃሌን ካላመነ ዓይኑን ያምናል ብዬ ብስክሌቴን ይዤ ሰሌዳው ሥር ቆምኩና በቀያዮቹ መሐል እወርዳለሁ ብዬ አስነገርኩ። ጎጡ በሙሉ ወጣ፤ ከፊሉ ሊያስጥለኝ፣ ከፊሉ፣ አልዋሽም፣ ሊያይ። አክስቴ ረሂማ ነጠላዋን አገልድማ መጥታ መሪውን ያዘችና «በነቢ ይዤሃለሁ ኡበይደላ፣ ጤፉ ይቅርብኝ» አለችኝ። እጇን አስለቅቄ ወረድኩ።

ባለሙያዎችዎን በደሉ አልላቸውም። መንገዱ በእርግጥም ከባድ ነው። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ከጫማ ሶል የሠራሁት ፍሬን ተቦጨቀ፤ ስድስተኛው ላይ መሪው የኔ መሆኑ ቀረ፤ ዘጠነኛው ላይ የፊት ጎማዬ ከስለታም ድንጋይ ጋር ተገናኝቶ ፈነዳ። ድምፁ ገደሉን ይዞ ሲያስተጋባ ላይ አፋፉ ላይ የቆመው ሕዝብ በሙሉ፣ ካለፈው ዓመት በለመደው መሠረት፣ በደረቱ መሬት ላይ ተነጠፈ። ደምሴ በሬው አንገት ሥር ገብቶ ነበር ይላሉ።

አክስቴ ረሂማ ብቻ አልተኛችም። ፈነዳ ብላ አምናለች፤ ሌላውም ይፈነዳል ብላ አምናለች፤ እሷ እያመነች ነው በአሥራ አንዱ ድንጋዮች መሐል ቁልቁል የሮጠችው። ስትደርስ አፌ ደም ሞልቶ፣ ጥርሴን በእጄ ይዤ፣ እላይ የተነጠፉትን ሰዎች እያየሁ እስቅ ነበር። በጥፊ መታችኝ። ቀጥላም እዚያው ተቀመጠችና «ሳቅህን ዋጠው፤ እኔ የወረድኩት ሬሳህን ላነሣ ነው» አለችኝ። ሳቄን ዋጥኩት። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ያደረግሁት ቀልድ ሁሉ አንድ ላይ ተደምሮ እንደዚያች ደቂቃ ቀሎብኝ አያውቅም፤ የእርስዎንም ሻይ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው፤ እርስዎ እያማሰሉ እኔን እንደሰሙኝ እኔም እየሳቅሁ እሷን ማየቴ አስጠላኝ።

ደምሴ በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ በሬውን ይዞ ወረደ። ጤፉ ተዘርቷል፤ ከወቅቱ አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቶ። አሥራ ሁለት ቀን የዘገየ ጤፍ ምን ያህል እንደሚሰጥ ኅዳር ላይ ይታወቃል፤ ያን ጊዜም ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ይሆናሉ።

ስድስተኛ፣ እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ በአክብሮት ይርሱልኝና ይህችን ብቻ ያንብቡ። ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ፍሳሹ የሚያልፍበት ጉድባ ውስጥ፣ ሚሊሻዎች የከለሉት አንድ አለ፤ የእውነቱ። አምና ወድቆ ሳይፈነዳ የቀረ ነው። ከማክሰኞ በፊት ከብት እንኳ አይጠጋውም ነበር። ሐሙስ ዕለት የሰባት ዓመቷ ናጅዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከቀይ ድንጋዮቹ በአንደኛው ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ኤደን ናት ያየቻት። አልጮኸችባትም፤ ደንግጣ እንዳትዘል ከሩቅ በለሰለሰ ድምፅ ጠርታ፣ ከረሜላ አለኝ ብላ አታልላ አመጣቻት። ለምን እዚያ ተቀመጥሽ ስትባል «ይኼም የብስክሌት ነው፤ ኡበይደላ ወርዶበታል» አለች።

ኮሚቴዎ ቀይን ሁለት ነገር አደረገው፤ እኔም በጥርሴ መሰከርኩለት። ኤደን ቤት ለቤት ዞራ ያስተማረችውን እርስዎና እኔ ተባብረን ሻርነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ልጆቹን እየዞርኩ አሳይቼ የማስተምር ሲሆን፣ እርስዎ ደግሞ ያንን ጉድባ የሚያጸዳ ባለሙያ ከሚመለከተው ጋር ተነጋግረው እንዲያስልኩልን እለምንዎታለሁ። ቢሮዎ ስልክ እንዳለ አይቻለሁ። የሚሠራ ስልክ ነው፤ ለበጉ ሲደወልበት ሰምቻለሁ።

በቀረው አላህ ለክቡርነትዎ ዕድሜና ጤና፣ ሰፊ አዳራሽ፣ የማያልቅ አጀንዳ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በአካባቢያችን ቀለም የሚባል ነገር ይዘው ዳግመኛ እንዳይደክሙ በትሕትና እያሳሰብኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ «ሰ» ማለት የተሳነኝ፣

ታዛዥዎ ኡበይደላ
ከቁልቋል አፋፍ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከላይ ያሉትን ካሸግሁ በኋላ አንድ ነገር መርሳቴን አስታወስኩና ፖስታውን ከፈትኩት። ለአሥራ አንዱ ድንጋዮች ስብሰባ መጥራት አያስፈልግዎትም። ዛሬ ጠዋት አክስቴ ረሂማ፣ ደምሴ፣ ኤደንና እኔ ወርደን ገለበጥናቸው፤ ቀዩ ወደ ታች ሆኗል፤ ከላይ አሁን ድንጋይ ናቸው። ሰሌዳውንም ደምሴ ለማረሻው ድግር ስለፈለገው ጠርቦ ወስዶታል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስም በአሁኑ ሰዓት የአክስቴን ገና ያልተዘራ ቁራጭ መሬት እያረሰ ነው፤ ከመሾምዎ ወዲህ የሠራው ሥራ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ተደምሮ ለቁርስ ደርሰናል። ስለዚህ ያን ያህል ሊያስጽፍ የሚገባ ጉዳይ እንዳልነበረ አምናለሁ፤ ክቡርነትዎን በከንቱ ስላደከምኩ ይቅርታ። ጉድባው ውስጥ ካለው በቀር ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር።