የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት ለእትዬ፤

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እንደ ልማዴ በሰላምታ ከጀመርኩ ሰላምታው ውስጥ ተሸሽጌ እቀራለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እትዬ፣ እህትዎ ወደ እርስዎ እንዳትመጣ የከለከላት ሐኪሙ አይደለም። እኔ ነኝ።

አሁን ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን እንዴት ያደርግዎታል? ደረጃ ሲወጡ ያፍንዎት የነበረው ነገር ተሻለዎት? ጋሼስ መነጽራቸውን ለወጡ ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ክንዳቸውን ዘርግተው ነው የሚያነቡት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በስተቀር የሚያመኝ የለም። የእርስዎ ናፍቆትና የእሷ ናፍቆት ድሮ ለየብቻ ነበሩ። አሁን ተያይዘው ስለሚመጡ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አቅቶኛል።

ባለፈው በስልክ ያንን ረጅም ሐኪም ዛሬም ጠዋት ጠዋት እንደሚረግሙት ነገሩኝ። «ለሙከራዬ ብሎ እህቴን ያስቀረብኝ፣ የእጁን ይስጠው» አሉ። እኔም «ይተዉት እትዬ፣ ለፈጣሪ ይስጡት» ብዬ እንደ ጻድቅ መከርኩዎት። ስልኩን ስዘጋ ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እርግማንዎ አድራሻ ተሳስቶ የሰው በር እያንኳኳ ነው፤ ባለቤቱ ግን እዚህ ተቀምጦ ምክር ይሰጣል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። እህትዎ፣ የእኔ ባለቤት፣ እርስዎ ጮሌ የሚሏት፣ እኔም ከእርስዎ ተውሼ ጮሌ ያልኳት፣ ከጭኗ ላይ የወጣላት እብጠት ተመልሶ ሳንባዋ ውስጥ መግባቱን ያውቃሉ። በሥጋና በጡንቻ መሀል የሚበቅል የካንሰር ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ስለማይዘው መድኃኒቱም ገና እየተፈለገ ነው አሉን። ረጅሙ ሐኪም አዲስ መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት መኖሩን የነገረን ያን ጊዜ ነው። ከሚገቡት በሽተኞች ግማሹ በደም ሥር የሚሰጠውን የቆየውን መድኃኒት ይወስዳል፣ ግማሹ አዲሱን ክኒን ይውጣል፤ ለማን የትኛው እንደሚደርሰው በዕጣ ነው።

በስልክ የምታስተረጉም ሴት አምጥተውልን ነበር። መስመሩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊደውሉ ሲሉ «ተዉት፣ እኔ አለሁ፤ በዚህ አገር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ» አልኩ። ሃያ ሁለቱን ዓመት የኖርኩት ማጠቢያ ቤት ውስጥ ከአንሶላ ጋር መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ወረቀቱ አሥራ አራት ገጽ ነው። ሐኪሙ ያነባል፣ ይቆማል፣ እኔ እነግራታለሁ። ማቅለሽለሽ አለ፣ አፍ ይቆስላል፣ ጸጉር ሊነጣ ይችላል፤ ሁሉንም ነገርኳት። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በማንኛውም ጊዜ፣ ምክንያት ሳይናገሩ፣ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ። በመውጣትዎ የሚቋረጥብዎት ሕክምና የለም።» ሐኪሙ ይህችን ሲያነብ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር። ከዚያ ቆመ፤ ጠበቀኝ። እኔም «በርቺ ይልሻል» አልኳት።

ይኸው ነው እትዬ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ዘለልኩ።

ያን ጊዜ ለእሷ ብዬ ያደረግኩት መስሎኝ ነበር። ያውቋታል፤ መውጫ በር ካሳዩዋት ጫማዋን ሳታደርግ የምትወጣ ሰው ናት። ዕጣው ሲወጣ አዲሱ ክኒን ደረሳት። እኔም ሐዋርያትስ ዕጣ ተጣጥለው የለ ወይ፣ ይህ የእግዚአብሔር እጅ ነው አልኳት። «ቅድም ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው ያልከኝ አንተው አይደለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። ክኒኑ በባዶ ሆድ የሚወሰድ ስለሆነ «መድኃኒቱም ጾመኛ ነው» ትል ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ጸጉሯ ነጣ። መስታወት ፊት ቆማ «ይኸው በሽበት ቀደምኩህ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ በለኝ» አለችኝ። አንድ ቀን ሙሉ አንቱ አልኳት።

ሥራ ስትችል አብረን እንሠራ ነበር። አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። እኔ በአንድ በኩል እይዛለሁ፣ እሷ በወዲያ በኩል፤ ወደ መሀል እንራመዳለን፣ ጫፍና ጫፍ ሲገናኝ ጣቷ ጣቴን ይነካል፣ ጫፏን ትሰጠኝና ወደ ኋላዋ ትመለሳለች። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እንለያይና ሁለት መቶ ጊዜ እንገናኝ ነበር። አሁን አገጬ ሥር ይዤ ብቻዬን አጥፋለሁ። አለቃዬ «ማሽን የገዛሁት ለጌጥ ነው እንዴ?» ይለኛል። ማሽኑ ማጠፉን ያጥፋል፤ ከወዲያ በኩል ግን የሚመጣ ሰው የለውም።

በሁለተኛው ወር ሳንባዋን በራጅ አነሷት። ሐኪሙ «ባለበት ቆሟል፤ ቆመ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም» አለ። እኔ «ቆሟል» የሚለውን ብቻ ነገርኳት። አየህ፣ ምንም አልጎደለባትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ውሸት እኮ አንዴ መንገዱን ካወቀው መሪ አይፈልግም። በሦስተኛው ወር አፏ ቆሰለ፣ ውስጥ እግሯ ተላጠ። አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ማሰር አቃታት። «ይብቃኝ። ወደ እትዬ ልሂድ። ማቆም ይቻላል ወይ?» አለችኝ። ተንበርክኬ የጫማዋን ክር እያሰርኩላት ነበር። ቀና ሳልል «ፈርመሻል እኮ» አልኳት። «እሺ» አለች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እርስዎ ያን ሰሞን አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ብርድ ልብሱን አጥበው ይጠብቋት ነበር። እኔ ደውዬ «ሐኪሞቹ አንለቃትም አሉ» አልኩዎት። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት አረፈች።

ሌላም አለ። ለጥናቱ በየወሩ አንድ አንድ ደብተር ይሰጧት ነበር፤ ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደወሰደች፣ ምን እንደተሰማት የሚሞላበት። ሁለቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን እኔ ሥራ ስውል እሷው በእጇ በቋንቋችን ሞላችው። ከቀብሩ በኋላ አነበብኩትና መዝጋቢዋ ነርስ ስትጠይቀኝ «ጠፋ» አልኳት። ከዳዊቴ ሥር ደበቅኩት። ከዚያ ወዲህ መዝሙሩን ባነሳሁ ቁጥር ከሥሩ እሷ ትታየኛለች። ንስሐ ስገባ እንኳ ያችን ዓረፍተ ነገር እዘልላት ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው ሦስት ዓመት አድሮም ሳይጠራ ቀረ፤ ሰው ካልከፈተለት ለካ ንጋቱም በመስኮት አይገባም።

አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ እንዲህ ብላለች፦ «እትዬን በሕልሜ አየኋት፤ አልጋውን እያነጠፈች ነበር። ይብቃኝ፣ ወደ እሷ ልሂድ፣ ማቆም ይቻላል ወይ አልኩት። ፈርመሻል አለኝ። ክሩን ሲያስር ቀና ብሎ አላየኝም። ፈርቷል። ተውኩት።»

ይህችን ሳነብ ለማን ብዬ እንደዘለልኩ ገባኝ። ለእሷ አልነበረም እትዬ። ባዶ ክፍል ፈርቼ ነው። ባዶው ክፍል ግን መጣ፤ እርስዎንም እሷንም አስከፍሎ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ደወለችልኝ። ጥናቱ ሊዘጋ ነው አለች። መድኃኒቱ ለአንዳንዱ በሽታውን ለወራት እንደያዘለት፣ ለአንዳንዱ ምንም እንዳላደረገለት ነገረችኝ። «የባለቤትዎ ሦስተኛው ደብተር ብቻ ነው የጎደለን። በመጨረሻ ምን እንደተሰማት ብናውቅ ከእሷ በኋላ ክኒኑን ለሚውጡት ይጠቅም ነበር» አለች። እኔም እስቲ ልፈልግ አልኳት። ዳዊቴ ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ይህን ካነበቡ በኋላ ስልኬን ባያነሱ አልፈርድብዎትም። እዚህ ምድር ላይ የቀሩኝ ዘመዴ እርስዎ ነዎት፤ ይህን እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። እርግማኑን ወደ እኔ ያዙሩት፤ ረጅሙን ሐኪም ግን ይፍቱት። ስለ እርስዎ የጻፈችባትን ገጽ በእጅ ጽሕፈቷ እንዳለች ኮፒ አስነስቼ ከዚህ ጋር አኑሬያለሁ። «እ» የምትለውን ፊደል ስትጽፍ ጅራቷን እንዴት እንደምታስረዝም ያዩታል።

ጋሼን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። መምህሯ ልጅዎ እንዴት ናት? ድምፅዋ ተማሪ ላይ እየጮኸች እንዳያልቅ ማር ትላስ። ቁንጫ የምንላትን ልጇን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ እንደሰማሁት ከሆነ በቁመት እናቷን ይዛለች፣ ስሙን ትመልስ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤትዎም ያች ለጮሌ የሰፋችላት ሰማያዊ ቀሚስ ዛሬም ተሰቅላ እንዳለች ይንገሩልኝ።

እስከዚህ የጻፍኩት እሑድ ነበር። ደብዳቤውን ሳላሽግ አሳደርኩት፤ የሚቀረው ነገር ነበራ። ዛሬ ማክሰኞ ከምሳ በፊት አለቃዬን አስፈቅጄ፣ ደብተሩን በንጹሕ ትራስ ልብስ ጠቅልዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ ወንበር ሳበችልኝ። ለምን ጠፋ አሉኝ አላለችም፤ ብትል ይቀለኝ ነበር። እኔ በቋንቋቸው አነበብኩ፣ እሷ ጻፈች። አፌ ቆስሏል። ውስጥ እግሬ ተላጠ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይሮጣል። አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችኝ፤ ልክ ያን ቀን ሐኪሙ እንደጠበቀኝ። እኔም ምንም ሳልዘል፣ «ይብቃኝ፣ ወደ እህቴ ልሂድ ትላለች፤ ማቆም ይቻላል ወይ ትላለች፤ ባሏ አይቻልም አላት» አልኳት።

ከአንሶላ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን