ኖላዊን አታስጠብቂው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መጋቢት 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለልጄ ለስሂን፣

እመ ብርሃን በጤና ትጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህንን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ ዘጋሁት። በወረቀት ይሁን። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ኖላዊ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ይላክ ወይስ አሁንም ይጠብቅ፣ ቁርጡን እንደሚፈልግ ጽፈሽልኛል። «አባባ፣ የአሜሪካው ፋይሌ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብለሻል። አራት ዓመት ሙሉ «ካገባሽ ፋይሉ ይዘጋል፣ ታገሺ» እያልኩ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። እንግዲያው ስሚኝ፤ ፋይሉ አያልቅም። የለምም።

ኮሌጅ መግባቴን ታውቂያለሽ። ፓራሊጋል ይሉታል፣ የጠበቃ ረዳት እንደማለት ነው። ሃያ ዓመት ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ አሁን የሆቴል አንሶላ ሳጥብ እውላለሁና፣ ይህ ትምህርት ምን ያቅተኛል ብዬ ነው የገባሁት። ክፍሉን የሞሉት ልጆች ናቸው። ማስቲካ ያኝካሉ፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ይሰቅላሉ፣ መምህሯን እንደ እኩያቸው በስሟ ይጠሯታል። ናቅኋቸው። እነሱ እንኳ የናቁኝ አይመስለኝም፤ መኖሬንም አላዩ።

በየካቲት መምህሯ የኢሚግሬሽን ሕግ ጀመረችና አንድ ገጽ አደለችን። «ልጅ ማለት» ይላል። የወለድከው፣ ሚስትህ ይዛው የመጣችው፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በሕግ በጉዲፈቻ የወሰድከው። እጄን አወጣሁ።

«ያሳደገውስ? ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደገው?»

«የጉዲፈቻ ወረቀት አለው?» አለችኝ።

«በእኛ አገር የእህት ልጅ ለማሳደግ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል?»

«እንግዲያው በዚህ ሕግ ልጁ አይደለም» አለችና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈች።

ሕጉንም ናቅሁት። ልጅ ታቅፈው አድረው የማያውቁ ሰዎች የጻፉት ነው አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ከሕጉ ይልቅ ራሴን መመርመር ያዝኩ።

ስሂን፣ የጠየቅሁት ስለ አንቺ ነው። እኔና እናትሽ የወይንሐረግ አልወለድንሽም። የወለደችሽ የእናትሽ ታናሽ እህት አየለች ናት፤ አክስትሽ ናት እያልን ፎቶዋን ያሳየንሽ። በወለደችሽ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች። የወለደሽ ሰው ዘምቶ ነበር፣ አልተመለሰም። በሰማንያ ቀንሽ እኛ ክርስትና አስነሳንሽ፤ ከዚያ ወዲህ የማን ናት ብሎ የጠየቀን ጎረቤት እንኳ የለም።

ለእናትሽ ዲቪ ሲደርሳት ወረቀት ስላልነበረሽ አላስመዘገብንሽም። እዚህ ከመጣን በኋላ ወደ መርዕድ ሄድን። መርዕድ ፎልስ ቸርች ከስልክ ካርድ መሸጫ ጀርባ ጠረጴዛ ዘርግቶ ፎርም የሚሞላ ሰው ነው፤ ጠበቃ ሳይሆን «ጠበቃው» ይሉታል። የአርባ ቤተሰብ ታሪክ በአንድ ቃል ይጽፋል፣ ስም ብቻ ይቀይራል። «የወለድናት በሉ፤ ማን ያውቃል» አለን። ሞላው፣ እኔም ፈረምኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ሳላነብ ፈረምኩ እል ነበር። አንብቤዋለሁ፣ ስሂን።

ባለፈው ጥር ኢሚግሬሽን ደብዳቤ ላከ። የወለዳችኋት ከሆነች ዲቪው ላይ ለምን አልጻፋችኋትም፣ የዲኤንኤ ምርመራ አድርጉ ይላል። ለአንቺ ግን ወረፋው ረዝሟል አልኩሽ።

መርዕድን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ያዝኩት። ነጠላውን አጣፍቶ ሁልጊዜ ከፊት ነው የሚቆመው፤ ሰው እየተጋፋ ይስመዋል። ደብዳቤውን አሳየሁት። አላፈረም።

«ጋሼ፣ እርስዎን ትምህርቱ ነው ያበላሸዎት» አለኝ። «ዝም ይበሉት። ልጅቷ መጠበቅ ለምዳለች፤ እኔ ሌላ ዘዴ አላጣም።»

ልተፋበት ዳድቶኝ ጾም መሆኑ ትዝ አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስረጋጋ ግን፣ ያ የተጸየፍኩት ምክር እኔ ማንም ሳይመክረኝ ስሠራበት የኖርኩት ሆኖ አገኘሁት። እሱ ቢያንስ በአንቺ ላይ የአባትነት ስም የለውም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ለልጅቱስ ነግረሃታል?» አሉኝ። ባለቤቴ ከመሞቷ በፊት እንዳልነግራት አስምላኛለች አልኳቸው። «የሞተችን ሴት ከፊትህ አቁመህ አትደበቅ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የፈራሁት መሐላውን አይደለም።

ሐሙስ ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ በነጻ የምታማክር ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ማመልከቻውን በፈቃድህ አንሳ፣ የሚመጣብህን ተቀበል፤ ልጅቱም በዚህ በር አትገባም አለችኝ። ማንሻውን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት አስገባሁት። ከኮሌጁ ያተረፍኩት አንድ ቀጥ ያለ ደብዳቤ ይኸው ነው።

ስለዚህ ኖላዊን አታስጠብቂው። ሽማግሌዎቹን እህቴ ዓባይነሽ ትቀበላቸው፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ታውቃለችና የምትጠይቂውን ሁሉ ትመልስልሻለች። በእኔ ብትቆጪ፣ ብትረግሚኝም፣ እባክሽ ንዴትሽን በዚያ ልጅ ላይ አታውጪው። እሱ የጠበቀሽ በንጹሕ ልቡ ነው።

ለሠርጉ ና ካልሽኝ እመጣለሁ። ካላልሽኝም ለምን ብዬ አልጠይቅሽም።

አየለች ሳታየው የቀረችውን ማዕረግ እግዚአብሔር ለአንቺ ያሳይሽ። የወይንሐረግ ለአንቺ የተሳለችው ሁሉ ይድረስሽ። ቤትሽን ይባርከው፤ ልጅሽን የአንቺ መሆኑን ማንም የማይጠይቅሽ ያድርገው።

ፀሐዩ