የዲናሞው እኩሌታ

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ አልነሣ አለ። መኪናውን ነው የምለው፤ ባሌማ ተነሥቶ ከሄደ ወራት አለፉት።

መኪናውን የሚገዛው የሸነን ሰው ገንዘቡን ይዞ ከማለዳ ጀምሮ ደጄ ላይ ቆሟል። ባሌ ገመቹም ለመፈራረም ከጊንጪ መጥቷል። ቁልፉን ቢያዞረው ጭጭ። ኮፈኑን ከፍቶ አጎነበሰ፣ እኔ ማጅራቱን አየሁ። ድሮ እኔ ነበርኩ የምላጨው። አሁን በደንብ ተስተካክሏል፣ ከእኔም የተሻለ እጅ ነው።

ኤሌክትሪሺያኑ ታምሩ ተጠርቶ መጣ። ባትሪው ደህና ነው፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው የሞተው አለ። አዲሱ ሠላሳ ሺህ ይደርሳል፤ ያገለገለ አዲስ አበባ በአሥራ ስድስት ሺህ ይገኛል። ማስጠገንስ አልኩት። ሁለቴ ጠግኜዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ ገንዘብሽን መብላት ነው አለኝ። ገዢው ዲናሞ ካልገባለት እንደማይወስደው ተናግሮ ለቅዳሜ ቀጠረን።

ደስ አለኝ። እዚህ ማንም አያየውም፣ ልጻፈው፤ ደስ አለኝ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ገና አንድ የጋራ ነገር አለን።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሽማግሌያችን ኦቦ ደበላ ቤት። ፍቺያችንን የያዙት ሽማግሌዎች ቤቱ ለእኔ ይሁን፣ መኪናው ተሽጦ እኩል ይከፈል ብለው ከጨረሱ ሰንብተዋል። የቀረው ዲናሞውን ማን ይግዛ የሚለው ነው።

ገመቹ ሙሉውን እኔ ላውጣ አለ። ምን በወጣኝ፣ ግማሹን እኔ አልኩ። ግማሹ የወር ደመወዜ ነው። ኩራት እራት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጠግቤ አድሬ ነበር።

ኦቦ ደበላ ሁለታችንንም በየተራ አዩንና፣ "እንግዲያው አዲስ አበባ አብራችሁ ሄዳችሁ ግዙት። በኋላ እሷ ዋጋ ጨመረች፣ እሱ ዋጋ ጨመረ እንዳትባባሉ" አሉ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች ትክክል ነው አሉ። እኔ ግን ኦቦ ደበላን አውቃቸዋለሁ። ለዋጋው ቢሆን ታምሩን ይልኩት ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ለነገ የሚያዝ፦ ብር። አሮጌው ዲናሞ፣ ለናሙና። ውሃ። ትዕግሥት። ሰማያዊው ሹራብ። (አይደለም፣ ለእሱ ብዬ አይደለም። ጠዋት ይበርዳል።)

አስተማሪ ነኝ፣ ዛሬ ግን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም። አንድ ነገር ሳሰላስል ዋልኩ። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ኖረን እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እሱ ጊንጪ ከሌላ ሴት ወንድ ልጅ ወለደ። ሲነግረኝ ውጣልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ወጣ። እንደዚያ ቶሎ ይወጣል አላልኩም ነበር።

ዕቃ እያጠብኩ ለብቻዬ ተለማመድኩት፦ ልጁን አምጣው፣ አሳድገዋለሁ። ጮክ ብዬ ስለው አይከብድም።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ገመቹ እዚሁ አምቦ አድሮ፣ ጠዋት መናኸሪያ ቀድሞኝ ደርሶ በመስኮቱ በኩል ቦታ ይዞልኛል። እሱ መስኮት ይወዳል፣ ለእኔ ነው የተወው።

ጊንጪን ስናልፍ ወደ ውጭ አላየም። እኔም አላየሁም። ከዚያ በኋላ ወሬ መጣልን። ዲናሞው እያስቸገረን መኪናዋን ቁልቁለቱ ላይ የምናቆምበትን ዘመን አነሣ። እሱ መሪ ይይዛል፣ እኔ መኪናው እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ያደረግነውን ድንጋይ አውጥቼ እገፋለሁ። ሞተሩ ሲነሣ፣ ከቆመ ይጠፋል ብሎ ዞሮ መጥቶ እየሄደ ይጭነኛል። አንድ ቀን ግን ረስቶኝ ገበያ ደርሷል። ይህን ሲያስታውስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩን። ባልና ሚስት መስለናቸው ይሆናል።

አዲስ አበባ ደርሰን ያገለገለውን ዲናሞ ተከራክሬ አሥራ አምስት ሺህ አስገባሁት፤ አሮጌውንም ሻጩ ወሰደው። ገመቹ ከኋላዬ ቆሞ "እሷን አትችላትም" ይለዋል። ደስ እያለው ነበር።

ስንመለስ አዲስ ዓለምን እንዳለፍን ተናገርኩ። ልጁን አምጣው፣ አሳድገዋለሁ፣ አንድ ቀን አላነሣብህም። ልክ እንደተለማመድኩት።

ጊንጪ እስክንደርስ ዲናሞውን ጭኑ ላይ ይዞ መጣ። አውቶቡሱ ሲቆም ጃኬቱን አነሣ።

"ጽጌ፣ ልጁ እኮ እናት አለው።"

ከዚያ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለውን ዲናሞ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና፣ "አንቺ ያዢው፣ አምንሻለሁ" አለ። ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ብሎኝ ወረደ። ከሥራ እንደሚወጣ ሰው።

በእሱ ቦታ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስታለቅሺ አየሁሽ፣ የታቀፍሽው ምንድነው አሉኝ። ዲናሞ አልኳቸው። እስከ አምቦ ድረስ አላስቀመጥኩትም። ከባድ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ታምሩ ጠዋት ገጠመው። ቀዩ የባትሪ መብራት ጠፋ። አሁን ገና መኪና ሆነ አለ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ተፈራረምን፣ ገንዘቡ እኩል ተከፈለ። ኦቦ ደበላ ለብቻዬ ወሰዱኝ። "መንገድ ያስታርቃል ብዬ ነበር፣ ልጄ" አሉ። እሱ ጊንጪ ወረደ፣ አባባ፣ አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል።

ገዢው ሊነዳው ገባ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እግሬ ወስዶኝ ድንጋዩን ከጎማው ሥር አወጣሁ፣ ከኋላ ዞሬም ሁለት እጄን መኪናው ላይ አሳረፍኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ገመቹ መጥቶ ክንዴን ያዘ፣ ቀስ ብሎ።

"ተይው ጽጌ። ራሱ ይነሣል።"

በአንድ ቁልፍ ተነሣ።

እሑድ፣ የካቲት 10

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ስገባ ድንጋዩ ደጅ ላይ፣ እዚያው እኔ በጣልኩበት አለ። ጎማው የረገጠው ጎኑ ጠቁሯል።

ሰው ሳያደናቅፍ መነሣት አለበት። ነገ አነሣዋለሁ።