ስድስት ሜትር ላይ ሲጣሩ የኖሩት የአቶ ወርቁ ተሰማ የሕይወት ታሪክ

አባታችን አቶ ወርቁ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ወልደጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደጀኔ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ በምትገኝ የቀወት መንደር በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና ተከታትለው፣ በጦር ሠራዊት መገናኛ ክፍል በሬዲዮ ኦፕሬተርነት አገልግለዋል። በ1983 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሮቢት ተመልሰው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈቱ። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ መሠረት ፀጋዬ ጋር በተክሊል ተጋብተው ናርዶስንና አቤልን ወልደዋል።

ሱቃቸውን ይወዱ ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ሬዲዮን ይበልጥ ይወዱ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥተው ጣሪያችን ላይ አንቴና ተከሉ። አብዛኛው የሬዲዮ ወዳጅ የሚነጋገረው ሁለት ሜትር በሚባለው ሞገድ ነው፤ እሳቸው ሰው የማይደርስበትን ስድስት ሜትር መረጡ። አንቴናው ረጃጅም ብረት ስለሚፈልግ የባጃጅ ሾፌሮች ሰፈራችንን «ብረቱ ጋ» ብለው ሰየሙት። እናታችን ሬዲዮውን «ጣውንቴ» እያሉ፣ አቧራውን እንኳ አልጠርግም ብለው ማሉ። ጎረቤት «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» እያለ ሲተርባቸው፣ አባታችን «አንድ ሰው ድንገት ቢጣራ ማን ይመልስለታል?» ይሉ ነበር።

ሁለት ዓመት ማንም አልመለሰላቸውም። በ2011 ዓ.ም. በዳግም ትንሣኤ ዕለት ግን አቶ ሙጂብ የተባሉ የማጀቴ ከተማ ባለወፍጮ መለሱላቸው። አባታችን ከደስታቸው ብዛት ጫማ ሳያደርጉ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረው አወሩ! ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላውና ስለ ጉልበታቸው ሕመም ሳያወሩ ቀርተው አያውቁም።

በ2016 ዓ.ም. የጉሮሮ ሕመም አደረባቸው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ድምፃቸው እየደከመ ሄዶ በያዝነው ግንቦት ጨርሶ ጠፋ። ያስጨነቃቸው ግን ሞቱ አልነበረም። ሙጂብ ሲጣራ መልስ ሊያጣ ነው ብለው፣ ሬዲዮውን በእጃቸው እያሳዩን ያለቅሱ ነበር። እኛም አብረን ከማልቀስ በቀር መላ አልነበረንም።

ባለፈው እሑድ አቶ ሙጂብ ደጋግመው ተጣሩ። እናታችን ከማጀት ወጡ፤ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ያንን የማሉበትን ሬዲዮ ማይክ አነሡ። «አለን ጋሽ ሙጂብ፣ እሱም አጠገቤ ሆኖ እየሰማዎት ነው» አሉ። ከማጀቴም አልሐምዱሊላህ የሚል መልስ መጣ። አባታችን ድምፅ በሌለው ሳቅ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ አላየናቸውም።

ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬ ጁምዓን እዚሁ ሰግደው ለቀብራቸው የደረሱትን አቶ ሙጂብን ትተዋል።

ዛሬ ጠዋት እናታችን ከለቅሶው መሀል ተነሥተው የሬዲዮውን አቧራ በነጠላቸው ሲጠርጉ አይተናቸዋል።

አባታችን፣ እግዚአብሔር ነፍስዎን በደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለእሑዱ አያስቡ፤ የሚመልስ ሰው አለ።