ከጠባቂዋ ወንበር ላይ የተሰማው ድምፅ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? የዓይንዎ ሞራ ከባሰ ወዲህ ብቻዎን መውጣት ትተዋል ወይስ አሁንም እምቢ ብለው በዳበሳ ይወጣሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ነው እንጂ የሚያስቸግረኝ ሌላ ነገር የለም። ይህን የሚያነብልዎ ታናሽ ወንድሜ ነውና፣ እንደ ልማዱ ቶሎ ለመጨረስ እንዳይሮጥ አደራ ይቆጣጠሩት።

ክፉውን ወሬ አስቀድሜ ልንገርዎ። ለዓይንዎ ቀዶ ሕክምና እመጣለሁ ያልኩት ቀርቷል። ፈቃድ የማገኘው ቋሚ ሠራተኛ ስሆን ነው፤ የሙከራ ጊዜዬ ደግሞ በስድስት ወር ተራዘመ። ልጄ አጠገቤ ካልቆመች አልታከምም ማለትዎን ስለማውቅ፣ የሆነውን ሁሉ ልጻፍልዎ።

እንደሚያውቁት የምሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ድምፅ ማጉያ እሰቅላለሁ። ሰፈር የሚያደነቁረው ዓይነት አይምሰልዎ። ትሪ የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ከጣራ ላይ ሆኖ ድምፁን እንደ ባትሪ ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጥላል። እዚያ የቆመ ይሰማል፤ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ያለ ምንም አይሰማም።

በሰዓት ሠሪው ክፍል ያለውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። መስታወት ሣጥን ውስጥ የተፈታታ ሰዓት አለ፤ ፊት ለፊቱ ሲቆሙ የአንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ የተቀዳ ድምፅ አፈታቱንና አገጣጠሙን ያስረዳል። ሰቅዬ ስጨርስ ክፍሉን ጥግ ድረስ ዞሬ ፈተሽኩት፤ ሁሉንም ግን በቁሜ። በእኛ ሙያ ሲፈተሽ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ጥጉ ላይ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ጠባቂ ይቀመጣሉ። እሳቸው አንድ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ያወራል ብለው ተናገሩ። ባልደረቦቻቸው መጥተው አጠገባቸው ቆሙ፤ ምንም የለም። መጀመሪያ ሳቁባቸው፣ ኋላ አዘኑላቸው። በመጨረሻ አለቃችን ቤትዎ ሄደው ይረፉ አሏቸው፤ በቦታቸውም ሌላ ሰው ይፈለግ ጀመር። እኔም አዝነው ዝም ካሉት አንዷ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ባዶ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ስል፣ ሰዓት ሠሪው ጆሮዬ ሥር ትንሿን ብሎን ይፍቷት አለኝ። ክው አልኩ። ብድግ ስል ጠፋ፤ ስቀመጥ ተመለሰ። ለካ ድምፁ ከመስታወቱ ነጥሮ የሚያርፈው ልክ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ላይ ኖሯል።

አባባ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ። የቋሚነቴ ደብዳቤ ለፊርማ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ማጉያውን ሁለት ጣት ያህል ባዘነብለው ማንም ሳያውቅ ያልቅ ነበር፤ ጠባቂዋ ግን አእምሯቸው ታወከ እንደተባሉ ሊቀሩ ነው። በማግስቱ አለቃዬን ወስጄ እባክዎ እዚህ ይቀመጡ አልኳቸው። ተቀመጡ፤ ደንግጠው ዞረው አዩ፤ ከኋላቸው ግድግዳ ብቻ ነው። ማጉያውን አስተካክዪ አሉኝ። ጠባቂዋ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ የእኔ ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ።

ጠባቂዋ ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ አቅፈው ሳሙኝ። እኔው ራሴን ተጠራጥሬ ነበር፤ ልጆቼም ብቻዬን ከቤት አላስወጣ ብለውኝ ነበር አሉኝ። ከዚያ የተበላሸ ሰዓት ካለሽ አምጪ፣ ትምህርቱን በቃሌ ይዤዋለሁ ብለው አሳቁኝ።

አላዘንኩም ብል ይታወቅብኛል። በጣም አዝኛለሁ። ግን እኔን ብለው ቀጠሮውን እንዳይሰርዙ። ስድስቱን ወር እኔ እታገሣለሁ፤ ዓይንዎ ግን እንደማይታገሥ ሐኪሙ ነግሮዎታል።

እማዬን ስለ እኔ ይሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ከነልጆቿ፣ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውንም ሰላም ይበሉልኝ። አንተም ወንድሜ፣ በቀጠሮው ቀን እጃቸውን ይዘህ ውሰዳቸው። ፋሻው ሲፈታ እኔ ልቆምበት በነበረው ቦታ ላይ አንተ ቁምልኝ።

ልጅዎ
ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
ጥቅምት ፳፫ ቀን