ስምንተኛው መገጣጠሚያ ተቆርጦ ይታይልኝ

ቀን፦ 16/02/2025
ፔታህ ቲክቫ

ለተሽከርካሪ አደጋ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ታረቀ በላይነህ፣ ሥራ፦ ብየዳ
አድራሻ፦ ኤን ጋኒም፣ ፔታህ ቲክቫ

ጉዳዩ፦ የተገለበጠው መኪና ከመጨፍለቁ በፊት የጣሪያው ከለላ ብየዳ እንዲመረመርና የእኔም ቃል እንዲወሰድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ዕብራይስጥ እናገራለሁ እንጂ መጻፍ አይሆንልኝም። ጽሕፈት ቤትዎ አስተርጓሚ እንዳለው ስለተነገረኝ በማውቀው ቋንቋ በአክብሮት አመለክታለሁ።

1. በ03/01/2025 ዓርብ ጠዋት፣ ከሮሽ ሃዓይን ወጣ ብሎ ባለው የአፈር መንገድ ላይ በተገለበጠው መኪና ውስጥ የሞተችው የታል አባት ነኝ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። መኪናውን ሲነዳ የነበረው እጮኛዋ ይኖን ነው።

2. ጽሕፈት ቤትዎ በ05/02/2025 ባወጣው ሪፖርት፣ አደጋው ይኖን በፍጥነት በመንዳቱ እንደደረሰ፣ የጣሪያው ከለላም በግጭቱ ኃይል እንደተሰበረ ተጽፏል። በዚሁ መሠረት ይኖን ለሰው ሞት ምክንያት ሆነሃል ተብሎ ሊከሰስ ነው፤ መኪናውም በ02/03/2025 ሊጨፈለቅ ነው። ከተጨፈለቀ በኋላ የምለውን የሚያረጋግጥልኝ ነገር አይኖርም። ያንን ከለላ ያጠናከርኩት እኔ ነኝ። አንዱን መገጣጠሚያ አልጨረስኩትም።

3. ከለላ የምለው፣ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው በሰው ላይ እንዳይደፋ ከውስጥ በወፍራም ቱቦ የሚሠራውን ነው። ይኖን መኪናውን የገዛው ከነከለላው ነበር። ቤት አምጥቶ ሲያሳየኝ ጎንበስ ብዬ አየሁትና ብየዳው አላማረኝም። ላይ ላዩን ተለጥፏል እንጂ ብረቱ ውስጥ አልገባም። ሃያ ሁለት ዓመት በብየዳ ስለኖርኩ በዓይን እለየዋለሁ። እኔ ሳላጠናክረው ታል እንዳትገባበት አልኩ። እሷ ሳቀችብኝ። እሱ ግን «እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

4. የምሠራበት ወርክሾፕ ባለቤት ማዖር ዓርብ ዓርብ ቦታውንና መሣሪያውን ፈቀደልኝ። ሥራው አሮጌውን ብየዳ በግራይንደር ገፍፎ ማንሳት፣ ዙሪያውን እንደገና መበየድ፣ ከዚያም በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ባለሦስት ማዕዘን ላሜራ አስገብቶ በሁለቱም በኩል መበየድ ነው። መገጣጠሚያዎቹ ስምንት ናቸው። ሰባቱን ጨረስኩ። ስምንተኛውን በ06/12/2024 ዓርብ ጀመርኩ። እሱም በቀኝ በኩል፣ ከተሳፋሪው ራስ በላይ፣ የኋላው ቋሚ ከጣሪያው አግዳሚ ጋር የሚገናኝበት ነው። አሮጌውን ብየዳ ገፍፌ አነሳሁ። ለጊዜው እንዲቆም ብቻ ቱቦውን በሁለት የብየዳ ነጥብ፣ ላሜራውንም በሁለት ነጥብ ያዝኩት። ከዚያ ፀሐይ ዘንበል አለች። በእኛ ቤት፣ ከአባቴ ጀምሮ፣ ሰንበት ከመግባቱ አስቀድሞ እሳት ይጠፋል፤ ብየዳ ደግሞ እሳት ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር። እሑድ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተውኩት። እንደዚያ ሆኖ ሲቀር፣ እኔ ከመንካቴ በፊት ከነበረውም የባሰ ደካማ ነበር። ምልክት አላደረግሁበትም፤ ለማንም አልተናገርኩም። በሰንበት አላመካኝም። ሰንበት ሲወጣ ለማዖር ደውዬ መንገር እችል ነበር።

5. ሰንበት እንደወጣ የአጎቴ የሀይሉ መርዶ መጣ። ቂርያት ጋት ለቅሶ ሄድኩና እስከ ረቡዕ አልተመለስኩም። ማዖር ውለታ ሊውልልኝ ብሎ፣ ሥራው ያለቀ መስሎት፣ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ ጠበቀኝ። በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ስመጣ ስምንቱም አንድ ዓይነት ሆነዋል። ስምንተኛውን በእጄ ዳሰስኩት። አለመጨረሴ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ረስቼ ነው ብዬ አልዋሽም። ምናልባት ማዖር በሌላ በያጅ አስጨርሶት ይሆናል አልኩ በልቤ። ልጠይቀው ነበር። ነገር ግን ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ይኖንም መኪናውን ሊወስድ መጥቶ ማዖርን እያመሰገነ ነው። ሰው በደግነት የቀባውን ቀለም ልፋቀው ማለት ከበደኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ይኖን «አለቀ፣ ጋሼ?» አለኝ። «በሰደር» አልኩት፤ ደህና ነው፣ አልቋል ማለቴ ነው። ታል የሞተችው ከዚያ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።

6. በሪፖርቱ ፎቶግራፎች ላይ እንዳየሁት ሰባቱ መገጣጠሚያዎች ይዘዋል። የተከፈተው ስምንተኛው ብቻ ነው። ይኖን ክንዱን ተሰብሮ ወጣ። ፈጥኖ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልነበርኩም። ፈጥኖ ከሆነ ስለ ፍጥነቱ ይጠየቅ። ጣሪያው ስለወረደባት ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ።

7. በሐዘኑ በሦስተኛው ቀን ይኖን ክንዱ በጀሶ ታስሮ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ እንጉዳይ በሩ ላይ ቆማ «ልጄን ይዘህ ሄደህ ብቻህን መጣህ?» አለችው። አላስገባችውም። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። የቤቱ አባት እኔ ነኝና አንድ ቃል ብናገር ይገባ ነበር። ተመልሶ ሄደ። ለመርማሪዎችም «የነዳሁት እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ምንም እንዳልተናገረ እናቱ ነግራኛለች። ስለ መገጣጠሚያው አያውቅም። ታልን የገደላት እሱ ነው እየተባለ ሲወራ እኔ እየሰማሁ ስድስት ሳምንት ተቀመጥኩ።

8. እስከዛሬ ለምን ቆየህ ብትሉኝ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ከቀብሯ ወዲህ አላለቀስኩም። ሥራ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፤ ምንም አይሰማኝም። ሰው ጠንካራ ነው ይለኛል። ሪፖርቱ ተተርጉሞ ሲነበብልኝ «በግጭቱ ኃይል» የሚለው ላይ ሲደረስ፣ እንዲህ አለመሆኑን የማውቅ ሰው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ገባኝ። ያን ቀን ፈራሁ። ከታል ሞት በኋላ የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፦

ሀ) መኪናው በ02/03/2025 እንዳይጨፈለቅ ታግዶ እንዲቆይ፤

ለ) ስምንተኛው መገጣጠሚያ ቀለሙና ስቱኮው ተነስቶ፣ ተቆርጦ በባለሙያ እንዲታይ። በቱቦው ላይ ሁለት፣ በላሜራው ላይ ሁለት ነጥብ ታገኛላችሁ፤ ሌላ ብየዳ የለም፤

ሐ) ቃሌ በአስተርጓሚ እንዲወሰድና ሪፖርቱ እንዲታረም፣ ይህ እስኪሆን ድረስም የይኖን መዝገብ ወደ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ።

ለራሴ የምጠይቀው የለም። ቅጣት እንዲቀልልኝም አላመለክትም። በጠራችሁኝ ቀን እቀርባለሁ።

ጊዜዎን ሰጥተው እስከዚህ ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣

ከሰላምታ ጋር

ታረቀ በላይነህ
ፊርማ፦ ______________

ግልባጭ፦
– ለይኖን
– ለባለቤቴ ለወይዘሮ እንጉዳይ (እስካሁን አታውቅም። ማንበብ ስለማትችል እኔው አነብላታለሁ።)