ከአንድ ስልክ የደወሉትን ሰባት አድማጮች ይመለከታል

ለክርስቲያናዊው ዩኒቨርሲቲ የብሮድካስት ትምህርት ክፍል ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም የደዋዮችን ቁጥር እየመዘገበ ለሚያስቀምጠው ትጉህ መሣሪያዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ። እኔ ጥገናን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተበላሸ ሬዲዮ የተማርኩ፣ በአንድ ክፍል ቤት ከአሥራ አራት ሬዲዮ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ የእህቴ ልጅ ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያደገችው እኔ ጋ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በምታቀርበው የስልክ ውይይት የተሳተፉት ሰባቱም አድማጮች ከአንድ ቁጥር መደወላቸው ስለተደረሰበት የተግባር ውጤቷ ዜሮ ሆኗል፣ ኮርሱንም ትደግማለች የሚለው ደብዳቤዎ ግልባጭ ደርሶኛል። ስለ ክብ ማኅተሙ አመሰግናለሁ።

፩. ትምህርታችሁ በተግባር መሆኑን አደንቃለሁ። ልጅቷ ሰኞ ካሜራ ትሸከማለች፣ ረቡዕ ድምፅ ታቀናብራለች፣ እሑድ የአምልኮ ፕሮግራሙን በቀጥታ ታስተላልፋለች። ከዚህ ሁሉ ተርፋ ስትደውልልኝ «ጋሼ፣ ደህና ነህ? ስቱዲዮ ልገባ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። መልስ ለመስጠት ፋታ ስላላገኘሁ፣ ደህና መሆን አለመሆኔ እስካሁን ሳይጣራ ቆይቷል።

፪. በመጀመሪያው ቅዳሜ «ስልካችን ክፍት ነው» አለች። ማንም አልደወለም። ደግማ ስትለው ድምፅዋ ቀጠነ። ይህንን እናንተ ምን ብላችሁ እንደምታስተምሩት አላውቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ልጆች ሁሉ ተወስደው እሷ ብቻ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስትቀር፣ ዘግይቼ ስደርስ የምትጠራኝ በዚያ ድምፅ ነበር። ስልኩን አነሣሁና ጡረታ የወጣ ዳኛ ሆንኩ።

፫. ከዚያማ ለመደብኝ። ልብስ ሰፊ ሆንኩ፣ የሒሳብ መምህር ሆንኩ። የሦስት ልጆች እናት ሆኜ ድምፄን ያቀጠንኩ ዕለት ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና በወሬ መሃል መዝሙር ከፈተች። በማግሥቱ ደውላ «ጋሼ፣ በናትህ ተው፣ ልታስጥለኝ ነው» ብላ ለመነችኝ፤ እኔም ምዬ ተገዝቼ በሳምንቱ ንብ አርቢ ሆኜ ብቅ አልኩ። እንግዲህ ጥፋተኛውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ለምን አላቆምክም ቢሉኝ፣ ዳኛውን አምስት ደቂቃ አናግራዋለች፣ ንብ አርቢውን ስምንት። ዳኛውን «ጤናዎ እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃ መልሱን ጠብቃለች። አጎቷ ግን እንዲህ ያለ ወግ ደርሶት አያውቅም።

፬. ተቋሙ ውሸትን እንደማይታገሥ ጽፈዋል፤ ልክ ነዎት፣ ንስሐዬንም ይኸው በአደባባይ አቅርቤያለሁ። ልጅቷ ግን አላዘዘችም፣ አላሤረችም፤ ጥፋቷ አጎቷን በአየር ላይ አለማዋረዷ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቷ ይመለስላትና ዜሮው ለእኔ ይሰጠኝ። ትምህርት ቤት ደጃፍ እንጂ ውስጡ ገብቼ ስለማላውቅ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ውጤት ይሆንልኛል፤ በመስታወት አስገብቼ እሰቅለዋለሁ።

ለትዕግሥትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የቀድሞ ዳኛ፣ የቀድሞ ልብስ ሰፊ፣ የቀድሞ የሦስት ልጆች እናት፣
አሁንም የአንዲት ልጅ አጎት

ማስታወሻ፦ ቁጥሬን ስላዘጋችሁት ባለፈው ቅዳሜ ዝም ብዬ አደመጥኩ። ርዕሱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎችን ማን ይጠይቃቸው የሚል ነበር። ልጅቷ ስልካችን ክፍት ነው ብላ ሦስት ጊዜ ለመነች። በጉዳዩ ላይ ጥቂት ዕውቀት ስላለኝ ሞክሬ ነበር፤ መሣሪያዎ አልፈቀደልኝም። ከክፍሉ መምህራንም፣ ከእርስዎም ከራስዎ፣ አንድ ሰው አልደወለም። ሐሰተኛውን አድማጭ በሚገባ አስወግደውታል፤ እውነተኛው መቼ እንደሚደውል ግን እባክዎ ለልጅቷ ይንገሯት፤ ማይክራፎኑ ፊት ቁጭ ብላ እየጠበቀችው ነው።